የጎሚስታው መነጽር

ጎርፉ ማክሰኞ ሌሊት፣ ሳይታሰብ መጥቶ፣
የሽንኩርት ማኅበሩን ሞተር ከነእግሩ ነቅሎ አውጥቶ፣
ሮቢ ወንዝ ከሚታጠፍበት፣ ከዋርካው ሥር ካለው ጥልቅ
ከተተው። ስድስት ቀን ሆነ፤ ማሳው ቆሞ ሲደርቅ።

ከጀውሃ አንድ ዋናተኛ ተለምኖ መጣ፤
"ይሄማ ባለቤት አለው" ብሎ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ወጣ።
ሌላው ሦስት ሺህ ጠየቀ፤ በካዝናው ያለው ሦስት መቶ።
አለቃዬ ሸዋቀና ይህን የሰማው፣ የሲኖ ጎማ ፈትቶ
ላቡን በክንዱ ሲጠርግ ነው። "እኔ እገባለሁ" አለ።
"ዋና ትችላለህ እንዴ?"
"ዋና መንሳፈፍ ለሚፈልግ ነው። የኔ ጉዳይ ከታች አለ፤
መስጠም ደግሞ ማንን ገዶት!"

መጀመሪያ የአይሱዙ የበር መስታወት ልንቆርጥ ሞከርን፤
እንደ ጨው ተበተነ። ጠርገን፣ ስቀን፣ ተሳድበን ቀረን።
ማታ ቤቱ ገብቶ የሰርግ ፎቶውን ከግድግዳ አወረደ፤
የማንአህሎሽ ዓይን ብቻ ፍሬሙን ተከትሎ ሄደ።

መስታወቱን በካላማዳሪ ከበብነው፣ በማስቲሽ፣ በናይለን ክር፤
አፍንጫው ጋ ውሃ አሾለከ፤ ደግሞ መፍታት፣ ደግሞ ማሠር።
የሞተ ሚኒባስ ቀበቶ ላይ የባላንስ እርሳስ ደረደርን፣
ከቢጫ ጀሪካን ክንፍ ቆርጠን ከኮንጎ ጫማ ጋር ጠመርን።
"ዳክዬ መሰልክ" ብለው፣ "ዳክዬ ሰጥሞ አያውቅም" አለኝ።
ከኮምፕሬሰሩ ቱቦ ስስብ ግን እጄን ያዘኝ፦
"እሱ ዘይት ይተፋል። የሰው ሳንባ ጎማ አይደለም።
በእጅ መንፊያው ትነፋልኛለህ፤ ከክንድህ በላይ የማምነው የለም።"

ሂሳቡ ደብተሬ ላይ አለ፦
ማስቲሽ ስልሳ፣ ሽቦ አርባ፣ ቱቦው በዱቤ።
የሰርጉ መስታወት አልተጻፈም።

በገመድ ተስማማን፦ አንድ ስበት "ደህና ነኝ"፣
ሁለት "አየር ጨምር"፣ ሦስት "አውጣኝ"።

እሁድ። ጋቢ የደረበ፣ ሽርጥ ያገለደመ፣
ግማሹ ከተማ ወንዙ ዳር ቆመ።
ከትንባሆ እርሻው የቀጠፍኩትን እርጥብ ቅጠል
መስታወቱ ላይ አሸሁት፣ ጉም እንዳይጋርደው።
ምራቁን ሲጨምርበት ሳቁ።
ገባ። ውሃው እላዩ ላይ ተዘጋ።

ነፋሁ።
አንድ ስበት። ነፋሁ። አንድ ስበት።
ከዚያ ምንም።
አርባ ቆጠርኩ። ክንዴ የኔ መሆኑ ቀረ።
ማንአህሎሽ ገመዱን ከሌላው እጄ ወስዳ በመዳፏ ጠቀለለች፤
ምንም ሳልናገር "ዝም በል" አለች።

ከዚያ አራት።
አራት? በአራት አልተስማማንም። አራት ምንድን ነው?
"ሳቡት! ሳቡት!" አለ ሕዝቡ። እሷ ግን "ቆዩ" አለች፣
"የሚሰጥም እጅ እንዲህ አይስብም። ይሄ ሲጫወት ነው።"

ወጣ። ሞተሩን ታች በካቦ አስሮ፣ ማስቲሹ ጉንጩ ላይ ቀርቶ፣
ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ግማሽ ሮቢን ተፍቶ።
"አራቱስ?" አልኩት።
"ዓሣ መጣ። መስታወቱን በአፉ ነካ፣ እዚህ ጋ፣ ዓይኔ ትክክል።
ለዓሣ ምልክት አላበጀንም።"

ሞተሩ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በአራተኛው ተነሣ።
ከሽንኩርቱ ግማሹ ተረፈ፤ ሦስት መቶው ዱቤ ዘጋ።
ጎማ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ ተጽፏል፣ "አራት፦ ዓሣ"፤
ዝናብ ያጠፋዋል፣ እኔ እደግመዋለሁ።

ፎቶው ያለ መስታወት ተመልሶ ተሰቀለ፤
ከአስፋልቱ የሚነሣው አቧራ ቬሎዋ ላይ ዋለ።
"አዲስ ላስገባልሽ?" ይላታል።
"ይቆይ" ትለዋለች፣ በሻሿ ጫፍ ፊቱን እየጠረገች፣
"ያ ኮንጎ ጫማ ቁጥሩ ስንት ነው?"